የቤተሰብ ዓምድ፦ እንገሩ የማን ነው?

ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከአንዲት የሃምሳ አለቃ ባለቤት የተላከ ነው። እህታችን በሠፈሩ ዳርቻ ከሚገኘው የቤተሰብ መኖሪያ ጀርባ አንዲት ላም ያረባሉ። ላሟ በወለደች ጊዜ፣ በአገር ቤት እናታቸው ያደርጉ እንደነበረው ሁሉ፣ እንገሩን አልበው በእሳት አረጉና ለልጆቻቸውም ለጎረቤቶቻቸውም አከፋፈሉ። ጥጃው ከእናቱ ጡት የተረፈችውን ጥቂት ብቻ አገኘ። በአራተኛው ቀን ክፉኛ አስቀመጠው፤ በአምስተኛው ቀን ሞተ። «ጎረቤቶቼ ቡዳ በላው አሉኝ፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም» ሲሉ ጽፈዋል።

ደብዳቤው በዚህ አያበቃም። ከጥጃው ሞት በኋላ በቤታቸው ውስጥ ሌላ ክርክር ተነሥቷል። የሃምሳ አለቃው «ወተት ከፈላ በሽታን የሚከላከለው ኀይሉ ይሞታል፤ ልጆቹ ከጡት እንደ ወረደ ትኩሱን ይጠጡ» ባይ ናቸው። እህታችን ደግሞ በጤና ጣቢያ የሰሙትን ይዘው «ሳይፈላ በቤቴ ወተት አይጠጣም» ይላሉ። ነገሩ ከባልና ሚስት አልፎ ጎረቤት ድረስ ዘልቋል፤ እናም «ማናችን ነን ትክክል?» ብለው ጠይቀዋል።

ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት ለሃምሳ አለቃው የሚገባቸውን እንስጣቸው። የተናገሩት ነገር ከሜዳ የተለቀመ ወሬ አይደለም። በላም ወተት ውስጥ ለምግብነት ብቻ ሳይሆን በሽታን ለመከላከል የተሰናዱ ፕሮቲኖች በእርግጥ አሉ፤ ወተቱ ሲፈላም አብዛኛው ኀይላቸው ይጠፋል። ጥያቄው እነዚህ ዘበኞች የተመደቡት ለማን ነው የሚለው ነው። የጥጃው ሞትና የወተቱ ክርክር የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው።

ከጥጃው እንጀምር። የሰው ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ደም ፀረ-አካላት የተባሉትን የመከላከያ ፕሮቲኖች በእንግዴ ልጁ በኩል ይቀበላል። ስለዚህ ሲወለድ ባዶ እጁን አይመጣም፤ የእናቱን ስንቅ በደሙ ይዞ ነው። የላም እንግዴ ልጅ አሠራር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በእናቲቱና በጽንሱ ደም መካከል ያለው ግድግዳ ወፍራም በመሆኑ ፀረ-አካላቱን አያሳልፍም። በዚህ ምክንያት ጥጃ በረት ውስጥ የሚወድቀው ያለ አንዳች መከላከያ ነው፤ ፍግ፣ ጭቃና ዝንብ በሚጠብቁት ስፍራ ትጥቁን ሳይታጠቅ ይደርሳል ማለት ነው።

ትጥቁ ያለው በእንገሩ ውስጥ ነው። ላሟ ከመውለዷ በፊት ባሉት ሳምንታት ከደሟ ፀረ-አካላትን እየለቀመች በጡቷ ታከማቻለች። ጥሩ እንገር በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራምና ከዚያም በላይ የሚሆን ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ማለትም የፀረ-አካል ፕሮቲን፣ ይይዛል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሚታለበው ተራ ወተት ውስጥ ግን ይህ መጠን ወደ አንድ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። እናቶቻችን ይህን በላቦራቶሪ ባይለኩትም በዓይናቸው ያውቁታል። እንገር ከእሳት ላይ ሲጣድ እንደ ተራ ወተት አይገነፍልም፤ እንደ ዕንቁላል ይረጋል። ያ የሚረጋው፣ ልጆች በማንኪያ የሚሻሙበት ነገር፣ በአብዛኛው ይኸው የመከላከያ ፕሮቲን ነው። እሳት ሲነካው ቅርጹ ይፈርስና ይጓጉላል፤ ከዚያ በኋላ ምግብ ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም።

የእንገር ነገር በሳይንስ መዝገብ የተረጋገጠው እንደ ዋዛ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1892 አይጦችን ለመርዝ እንዲበረቱ አድርጎ ካለማመደ በኋላ፣ ሌላ እናት የወለደቻቸውን የአይጥ ልጆች በእነርሱ አስጠባ። ከወላጅ እናታቸው ምንም ያልወረሱት እነዚያ ልጆች መርዙን የመቋቋም ኀይል አገኙ፤ ያገኙትም ከጠቡት ወተት ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1922፣ ቲዮባልድ ስሚዝና ራልፍ ሊትል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በጥጆች ላይ ሙከራ አደረጉ። ለከፊሎቹ እንገር ሰጡ፤ ከፊሎቹን ከለከሉ። ከተከለከሉት አብዛኞቹ በተወለዱ ጥቂት ቀናት ውስጥ አለቁ። የገደላቸውም ከሩቅ የመጣ ቸነፈር ሳይሆን በማንኛውም አንጀት ውስጥ የሚኖር ተራ ባክቴሪያ ነበር። እንግዲህ የእህታችንን ጥጃ ቡዳ አልበላውም ለማለት ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። የአዲስ ጥጃ አንጀት ፀረ-አካላቱን ሳይፈጭ ሙሉውን ወደ ደም የሚያሳልፍበት በር አለው፤ ይህ በር ግን ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። በሁለተኛው ቀን የተሰጠ እንገር የአንጀቱን ግድግዳ ይጠብቅ ይሆናል እንጂ ወደ ደም አይገባም። ላም የሚያረባ ቤተሰብ ልብ ሊለው የሚገባው ልክ ይህ ነው፦ ጥጃው በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከስድስት ሰዓት ሳያልፍ፣ መጥባት አለበት፤ በመጀመሪያው ቀን ውስጥም የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ማግኘት ይገባዋል። 25 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ ከሆነ ሁለት ሊትር ተኩል ማለት ነው። ቆሞ መጥባት ካቃተው ታልቦ በጡጦ ይሰጠው። የመጀመሪያው አለባ ከሁሉም የበለጸገ ሲሆን ሁለተኛው ከእርሱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በመሆኑም «ማታ እሰጠዋለሁ» ብሎ የጧቱን ለድስት ማዋል ጥጃውን መቀማት ነው።

እንገር አትብሉ ማለቴ ግን አይደለም። የልጅነቴ ትዝታ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ፍርድ ለመፍረድ አንደበቴም አይታዘዘኝ። ጥጃው ከጠገበ በኋላ የሚተርፈውን፣ በተለይም የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ቀን፣ በእሳት አርግቶ ለልጆች ማቅመስ ጉዳት የለውም፤ ጥሩ ምግብም ነው። ተራው ግን ይጠበቅ።

አሁን ወደ ተራው ወተትና ወደ ሃምሳ አለቃው ክርክር እንለፍ። ከእንገር በኋላ በሚታለበው ወተት ውስጥ፣ ከቀሩት ጥቂት ፀረ-አካላት ሌላ፣ ሦስት ስም የሚጠራላቸው የመከላከያ ፕሮቲኖች አሉ።

አንደኛው ላክቶፌሪን ይባላል። ቀለሙ ወደ ቀይ የሚያደላ ሲሆን ሥራው ብረትን መያዝ ነው። ባክቴሪያ ለመራባት የብረት ማዕድን ያስፈልገዋል፤ ላክቶፌሪን ያንን ብረት ቀድሞ ጨብጦ ጠላትን ስንቅ ያሳጣዋል። የጦር ሰው የስንቅ መስመር መቁረጥ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ሰፊ ማብራሪያ አያሻም። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው፣ ይህ ፕሮቲን በላሟ ጡት ውስጥ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ላሟ በነጠፈችበት ወቅትና ጡቷ በበሽታ ሲያብጥ መጠኑ ይጨምራል፤ ጤናማ ሆና በምትታለብበት ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነው። ይህም የሚነግረን ላክቶፌሪን በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠብቀው የላሟን ጡት መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ላክቶፔሮክሲዴዝ ነው። ስሙ ለምላስ ይከብዳል፤ ሥራው ግን በየጓዳው የታወቀ ነው። ትኩስ ወተት ከታለበ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ቶሎ የማይኮመጥጠው በከፊል ይህ ፕሮቲን በወተቱ ውስጥ ካሉ ሌሎች ነገሮች ጋር ተባብሮ የባክቴሪያን መራባት ስለሚገታ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር ይህን የተፈጥሮ ኀይል በጥቂት ኬሚካል አጠንክሮ ወተትን ማቆየት እንደሚቻል ስለ ታወቀ፣ ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል እ.ኤ.አ. በ1991 መመሪያ አውጥቶለታል። በመመሪያው መሠረት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ቦታ ወተቱ ሳይበላሽ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ይህ ግን ወተት ሰብሳቢ ማዕከሎች በሠለጠነ ሰው እጅ የሚያከናውኑት ሥራ ስለሆነ በቤት አይሞከርም። ደግሞም መግታት ሌላ፣ መግደል ሌላ ነው። ያ ወተት እንኳ ወደ ፋብሪካ ከደረሰ በኋላ በሙቀት እንዲታከም መመሪያው ያዛል።

ሦስተኛው ላይሶዛይም ነው። በኋላ ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ የደረሰበት ሲሆን በእንባ፣ በምራቅና በዕንቁላል ነጭ ውስጥ ሞልቷል። በላም ወተት ውስጥ ግን የለም ማለት ይቀላል። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው መጠን ከላሙ ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ይህን ቁጥር ለጊዜው በአእምሮአችን እንያዘው።

እነዚህ ሁሉ ዘበኞች በወተቱ ውስጥ ቆመው ሳሉ፣ ያልፈላ ወተት የጠጣን ሰው ከበሽታ ያድናሉን? ለዚህ መልስ የሚሆነን አንድ የጦር ሠፈር ታሪክ አለ።

በሜዲትራኒያን ባሕር መካከል በምትገኘው የማልታ ደሴት፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን፣ ብዙ የጦር ሠራዊት ሠፍሮ ነበር። ወታደሮቹን ዓመት ከዓመት አንድ ትኩሳት ያስጨንቃቸው ነበር። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ ሌሊት በላብ ያጠምቃል፤ መገጣጠሚያና ወገብ ይሰብራል። የታመመው ወታደር ለወራት ከግዳጅ ውጭ ሆኖ ሆስፒታል ይተኛል። ዴቪድ ብሩስ የተባለ የሠራዊቱ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 በትኩሳቱ ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ውስጥ ጀርሙን አገኘ፤ ብሩሴሎሲስ የሚለው ስም የወጣው ከእርሱ ነው። ነገር ግን ጀርሙ ከየት እንደሚመጣ ለተጨማሪ ዓመታት አልታወቀም። ትንኝ ተጠረጠረ፣ አቧራ ተጠረጠረ፣ የውኃ መውረጃ ተጠረጠረ።

እ.ኤ.አ. በ1905 ማልታዊው ሐኪም ተሚስቶክሊስ ዛሚት የደሴቲቱን ፍየሎች ደም መረመረ። ፍየሎቹ የሰቡና ጤናማ ይመስሉ ነበር። በየመንገዱ እየተነዱ በደንበኛ ደጃፍ ላይ ስለሚታለቡ፣ ከወተታቸው የበለጠ ትኩስ ወተት በዓለም ላይ አይገኝም ነበር ማለት ይቻላል። ከእነዚህ ፍየሎች ብዙዎቹ ጀርሙን ተሸክመው ተገኙ፤ በወተታቸውም ያወጡት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1906፣ ለሠራዊቱ የፍየል ወተት ማቅረብ ተከለከለ። በሠፈሩ ውስጥ ትኩሳቱ ወዲያው አሽቆለቆለ። ወተቱ ባልተከለከለበት የከተማው ሕዝብ ዘንድ ግን በሽታው ቀጠለ።

የፍየልም ወተት እንደ ላም ወተት ፀረ-አካላትና ላክቶፌሪን አለው። ዘበኞቹ በቦታቸው ነበሩ፤ ጠላትም በመካከላቸው አለፈ። ይህ የሆነበት ምክንያት የብሩሴላ ጀርም ከወተቱ ጋር በሚወጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ስለሚደበቅ ነው፤ የዘበኛውን ካፖርት ለብሶ በበሩ እንደሚያልፍ ሰው ማለት ነው። በላሞች ላይ የሚገኘው የዚሁ ጀርም ዘመድ ላምን በእርግዝናዋ መገባደጃ ላይ ያስጨነግፋል፤ እንግዴ ልጇም ሳይወርድ ይቀራል። ያስጨነገፈች ላም በቤታችሁ ካለች የወረደውን ነገር በባዶ እጅ አትንኩ፤ ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ። በአገራችን የከብት ሳንባ ነቀርሳ የሚያመጣውም ጀርም፣ በተለይ በከተሞች ዙሪያ በሚረቡት የተዳቀሉ የወተት ላሞች ላይ፣ የሚታወቅ ነገር ነው፤ እርሱም በወተት ወደ ሰው ይተላለፋል።

በሳይንስ በኩል ለሃምሳ አለቃው የሚያደላ አንድ ማስረጃ ስላለ እርሱንም ሳልሸሽግ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ተቅማጥ በሚያስከትል አንድ የባክቴሪያ ዓይነት ላይ ከተከተቡ ላሞች ወተት ፀረ-አካላት ተጣርተው ለ10 ፈቃደኞች ተሰጡ፤ ሌሎች 10 ፈቃደኞች ከዚህ ባክቴሪያ ጋር ዝምድና የሌለው ፀረ-አካል ተሰጣቸው። ሁሉም ጀርሙን ሲጠጡ ከመጀመሪያዎቹ አንድም ሰው አልተቀመጠም፤ ከሁለተኛዎቹ ግን ዘጠኙ ታመሙ። ስለዚህ የላም ፀረ-አካል ሰውን ፈጽሞ አይረዳም ማለት አይቻልም። ነገር ግን እነዚያ ላሞች ለዚያ አንድ ጠላት ተብለው የተከተቡ፣ ፀረ-አካሉም ተጣርቶና ተጠናክሮ የተሰጠ ነበር። ከጓሮ ላም የሚታለበው አንድ ብርጭቆ ወተት የያዘው ጥቂት ፀረ-አካል የላሟን ጠላቶች የሚያውቅ ነው፤ ከዚያም አብዛኛውን ሆዳችን እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጨዋል።

ፍርዱ እንግዲህ ለእህታችን ነው። ወተት ይፍላ። ሲፈላ የሚጠፋው ለጥጃው የተመደበው ዘበኛ ነው፤ ለልጅ አጥንትና ሥጋ የሚሆነው ፕሮቲንና ካልሲየም አይጠፋም፤ ከቫይታሚኖቹ ጥቂቱ ብቻ ይቀንሳል። ፋብሪካዎች 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ወይም 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰኮንድ በማሞቅ ጀርሞቹን ይገድላሉ። በቤት የሙቀት መለኪያ ስለሌለን፣ እያማሰሉ እስኪፈላ መጠበቅና ጥቂት ጊዜ በፍል ላይ ማቆየት ይበቃል። ወተት በአረፋው ስለሚያታልል ገና ከፍ ሲል አውርዶ «ፈልቷል» ማለት አይገባም። ዕቃውን በወይራ ማጠን መልካም ልማድ ነው፤ ጠረኑ ያማረ፣ ጭሱም በዕቃው ላይ የሚቀሩትን ጀርሞች የሚቀንስ ነው። ይሁን እንጂ ከላሟ ጋር የመጣውን ጀርም አያጠፋም።

ከላይ «እንያዘው» ያልነው ቁጥር አሁን ይፈለጋል። ሰው ለልጁ የሚያዘጋጀው ትጥቅ ያለው በላም ጡት ሳይሆን በእናቱ ጡት ነው። ላይሶዛይሙ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው፤ ላክቶፌሪኑም ከላም ወተት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወርደው ቢጫና ወፍራም የእናት እንገር፣ የሕፃኑን አንጀትና ጉሮሮ እንደ ሽፋን በሚለብስ ፀረ-አካል የተሞላ ነው። መጠኑ ጥቂት ማንኪያ ብቻ ስለሆነ ብዙ እናቶች «ወተቴ አልመጣም» ብለው ይሰጋሉ። በአንዳንድ አካባቢም ቆሻሻ ነው ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ ሕፃኑ በምትኩ ቅቤ ወይም የስኳር ውኃ ይቀምሳል። ለላም እንገር ጎረቤት ጠርተን እየተሻማን የሰውን እንገር መሬት ላይ ማፍሰሳችን ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝና እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ሌላ እንዳይቀምስ ነው፤ የላም ወተትም ውኃም ሳይቀር።

ከጦር ሠፈር ወደ ጦር ሠፈር ለሚዘዋወር ቤተሰብ ደግሞ ይህ ነገር የተለየ ትርጉም አለው። አዲስ ቦታ ስትደርሱ ውኃው አዲስ፣ አፈሩ አዲስ፣ ጀርሙም አዲስ ነው። እናቲቱ የምትውጠውን ጀርም በአንጀቷ ያሉ የመከላከያ ሕዋሳት ያውቁታል፤ ከዚያም በደም ተጉዘው በጡቷ ይሠፍሩና ለዚያው ጀርም የሚሆን ፀረ-አካል ከወተቷ ጋር ይልካሉ። ሕፃኑ ከጭነት መኪናው በወረደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአዲሱን ሠፈር ጠላት የሚያውቅ ወተት ይጠባል። ከደጋ በረት የመጣች ላም ይህን ልታደርግለት አትችልም።

እህታችን በደብዳቤአቸው ግርጌ «ወተቱ ከፈላ እርጎ አይሆንም ይሉኛል፤ እውነት ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል። ይሆናል። ማፍላት ወተቱን የሚያረጉትንም ደጋግ ባክቴሪያዎች ስለሚገድል ብቻውን ቢቀመጥ በወጉ አይረጋም። ስለዚህ የፈላው ወተት ጣት ሲያስገቡበት ለብ እስኪል ይብረድና፣ አስቀድሞ ከፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ እርሾ ይጨመርበት፤ በታጠነው ዕቃ ተከድኖ ሞቅ ባለ ስፍራ ይደር። ለመጀመሪያ ጊዜ እርሾ የሚሆነውን ከሱቅ ከሚሸጠው የፋብሪካ እርጎ መውሰድ ይቻላል። በማግስቱ ሲከፈት የወይራው ጠረን እንዳለ ነው።